ነዳጅ ያስመለሰው ሰርጌ

ባለፈው ሐሙስ ኡራኤል አጠገብ ካለው ማደያ ፊት ለፊት፣ የልጅ ልጄ የናሆም መኪና ውስጥ ተቀምጬ ወረፋ ስጠብቅ፣ በመስኮት የገባው የቤንዚን ሽታ ሙሽራ ወደነበርኩበት ዘመን ይዞኝ ሄደ። ሌላዋ ሴት ሰርጓን ስታስብ ሽቶ ወይም አበባ ነው የሚሸታት። እኔን ቤንዚን ነው። ከሰርጌ በፊት የነበሩትን ሳምንታት የተኛሁት፣ ከሥሩ ቤንዚን የሞላባቸው ጀሪካኖች በተደረደሩበት አልጋ ላይ ነዋ! አባቴ ለአጃቢ መኪኖች ብለው ከኩፖናቸው እየቆጠቡ ያጠራቀሙት ነው። በዚያ ሰሞን እቤታችን ክብሪት መጫር እንደ ወንጀል ይታይ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሻማ ይዛ በመኝታ ቤቴ በር ካለፈች አባባ ከሳሎን ሆነው "ሴትዮ፣ ሙሽራዋን ልታቃጥያት ነው!" ብለው ይጮሁ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሰው ሁሉ ጓድ የሚባልበት፣ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት፣ እሁድ እሁድ ደግሞ መኪና በተራ የሚወጣበት ዘመን ነበር፤ አንድ እሁድ ታርጋቸው ሙሉ ቁጥር የሆኑት፣ በሚቀጥለው ጎዶሎዎቹ።

ናሆም መሪውን በጣቱ እየጠበጠበ፣ "እማማ፣ ይሄ ሁሉ ሰልፍ እኮ በሆነ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ምክንያት ነው። ማለቴ፣ እዚያ ማዶ ተጣልተው መርከቡ አላልፍ ብሏል። በቃ፣ እነሱ ይጣላሉ፣ እኛ እዚህ እንሰለፋለን" አለኝ። ሳቄ መጣ። ይህንኑ ነገር አባቴ የዚህ ልጅ አባት ሳይወለድ በፊት በጥቁር ሰሌዳ ያስተምሩት ነበር። ናሆም ይህችን አሮጌ ቶዮታውን ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ነው። ይግዛ። እኔ ግን ቻርጅ በሚደረግ መኪና ሰርግ ሲታጀብ ባለፈው ጥር አየሁ፤ ክላክስ ካልተነፋ በቀር ድምፅ የሚባል ነገር የለውም፤ ሙሽራዋን ሰርቀው የሚሄዱ ነው የሚመስሉት።

አባቴ ጋሽ በላይነህ ቂርቆስ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ዛሬ ዘጠናን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አንደበታቸው ግን አሁንም የመምህር ነው። በእሳቸው ካርታ ላይ አገር ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ነዳጅ ያለውና ነዳጅ የሚለምን። ተማሪ ስለ አንድ አገር ዋና ከተማ ተጠይቆ ቢሳሳት ይቅር ይሉታል፤ ነዳጅ ይኑረው አይኑረው ካላወቀ ግን ጆሮውን ይቆነጥጡታል። "የውጭ ጉዳይ ማለት ምን መሰለሽ አልማዝ?" ይሉኝ ነበር፣ ሰማያዊዋን ሰይቼንቶ መኪናቸውን በጨርቅ እየወለወሉ። "ይቺ እንድትሄድ ለማን መሳቅ እንዳለብን የማወቅ ጉዳይ ነው።" በሬዲዮ ትናንት አድኃሪ ሲባል የነበረ አገር ዛሬ ማታ ወንድም ሕዝብ ከተባለ፣ አባባ ዜናው ሳያልቅ ተነስተው ጀሪካናቸውን ያጥባሉ።

እውነቱን ለመናገር የሰፈራችን የካዛንቺስ ሰው ሬዲዮም አያስፈልገውም ነበር። ጣሊያን ሠርቶ በተዋቸው ቤቶች መካከል፣ ጥጉ ላይ፣ ሁለት ቧንቧ ብቻ ያላት ማደያ ነበረችን። ሰልፉ ከእሷ ተነስቶ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ከደረሰ ከአንዱ አገር ጋር ተኮራርፈናል ማለት ነው። ሥጋ ቤቱን አልፎ ካሴት ቤቱ ጋ ከታጠፈ የሆነ ቦታ ጦርነት አለ። ላምባ የሚቀዱ ሴቶች ደግሞ ለብቻቸው ይሰለፋሉ፤ እዚያ የሚነገረውን የዓለም ፖለቲካ አንድም አምባሳደር አልሰማውም። ከካሴት ቤቱ የሚወጣው ሳክስፎን ሰልፈኛውን ሁሉ ትከሻውን ያስነቀንቀው ነበር። ሻይ ከቦምቦሊኖ ጋር በስሙኒ እየጠጡ ወረፋ መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ለገሃር በታክሲ ሲሄዱም ያው ስሙኒ ነው። ዛሬ ያ ጥግ የለም። ሰፈራችን በልማት ተነስቶ እኛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ቆየን፤ ባለፈው በዚያ ሳልፍ ማደያዋ የነበረችበትን ቦታ ለመለየት ቆሜ ስዞር ስዞር፣ አንዱ ጥበቃ "እናቴ፣ ጠፋብዎት እንዴ?" አለኝ። እኔ አልጠፋሁም፤ የጠፋው ጥጉ ነው።

ባለቤቴ ታደሰ የለገሃር ልጅ ነው፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ። ያኔ አፍሮው ከበር አያስገባውም፤ ጫፉ የሰፋው የቤልቦተም ሱሪው አንዱ እግር ብቻ ሁለቱንም ጫማውን ይሸፍን ነበር። ሽማግሌ ሲልክ አባባ የጠየቁት ጥያቄ ስለ ዘር፣ ስለ ደመወዝ አይደለም፤ "ስንት መኪና ያቀርባል? ቤንዚኑስ?" ነው ያሉት። ሴት ልጃቸው አንድ ብቻ ነበርኩና በእግሯ ከቤቴ አትወጣም ብለው ምለዋል። ጉድ የመጣው ሁሉ ተዘጋጅቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ድንኳኑ ሊተከል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሳፋሪ ልብሱ እየተንጎራደደ ከች አለ። ከአንድ የነዳጅ አገር ከባድ የክብር እንግዳ ይመጣል፤ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ከቦሌ ተነስቶ በአደባባዩ በኩል ወደ ቤተ መንግሥት ያልፋል፤ ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ወጥቶ በእልልታ ይቀበለዋል። "ስለዚህ ጋሽ በላይነህ፣ ሰርጉን ለሚቀጥለው እሁድ ያስተላልፉት" አለ።

አባባ እንዲህ ሲጨነቁ አይቼ አላውቅም። ያን እንግዳ በዚያ ሰፈር ከእሳቸው በላይ የናፈቀ ሰው አልነበረም። ሰውዬው ከመጣና የነዳጅ ውል ከተፈረመ ወረፋ የሚባል ነገር ይቀራል ብለው ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ተናግረዋል። በሌላ በኩል እኔ አለሁ። "የሚቀጥለው እሁድ እኮ የጎዶሎ ነው፤ የእኔ ሰይቼንቶ ሙሉ ናት!" አሉ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ተፈትቶ ያ ብቻ የቀረ ይመስል። ሊቀመንበሩም መኪና ባይኖረውም ነገሩ ገባው። ተስማሙ፤ ከኡራኤል ቃል ኪዳን ፈጽመን ከቀትር በፊት ድንኳን እንገባለን፤ አባባም ሙሽሮቹን ካስቀመጡ በኋላ ባንዲራ ይዘው ከሕዝቡ ጋር ይቆማሉ። ቃላቸውን ሰጡ። አባቴ ደግሞ ቃል ከሰጡ ሰጡ ነው።

እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያን በሰዓቱ ደረስን፤ ቄሱ ግን ስለ ትዳር ሲያስተምሩን ከአዳም ጀምረው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገና ኖኅ ላይ ነበሩ። አባባ ከኋላ ሆነው ሰዓታቸውን እያዩ ሲያስሉ እሰማለሁ። ስንወጣ ወደ ካዛንቺስ የሚያቋርጠው መንገድ በገመድ ተዘግቷል። የጥበቃ ጓዶች "በዚህ አይታለፍም፤ በአደባባዩ ዙሩ" አሉን። አጀባችንን ደግሞ እዩት። የታደሰ ሁለት ጓደኞች በሞተር ብስክሌት ፊት ፊት ይሄዳሉ። ቀጥሎ እኛ፤ ሚዜው ከአጎቱ የተዋሰው ረጅም ጥቁር መርቸዲስ ውስጥ፣ መብራቱ በቀትር በርቶ። ኮፈኑ ላይ ሚዜው አረንጓዴና ነጭ ሪባን አስሮበታል፤ ገበያ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነበርና። የእንግዳው አገር ባንዲራ አረንጓዴና ነጭ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ከኋላችን አባባ በሰይቼንቶ፣ ከዚያ አንድ ፔጆ፣ ሁለት ቮልስ። አደባባዩ ላይ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ ሞተሮቹን አየ፣ ጥቁሩን መርቸዲስ አየ፣ ሪባኑን አየ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጠና ባዶውን፣ የተጠረገውን፣ ለክብር እንግዳው የተዘጋጀውን መንገድ ከፈተልን። ታደሰ እስከ ዛሬ ድረስ ትራፊክ ፖሊስ ባየ ቁጥር ያችን ሰላምታ ይጠብቃል።

መንገዱ ከአደባባዩ እስከ ሰፈራችን ግራና ቀኝ ሰው ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው፣ መኪና የሚባል ነገር ለማየት የቸኮለ ሰው። እኛ ብቅ ስንል ሰማዩ ተቀደደ ማለት ይቀላል። እልልታው! የወረቀቱ ባንዲራ! የማርሽ ባንዱ ጥሩንባውን ለቀቀው። "የሁለቱ ሕዝቦች ወዳጅነት ይለምልም!" ይላል አንዱ በድምፅ ማጉያ፤ "ይለምልም!" ይላል ሕዝቡ። ታደሰዬ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ "አልሚ፣ እውነቴን ነው፣ የካዛንቺስ ሰው የለገሃርን ልጅ እንዲህ የሚወድ አይመስለኝም ነበር" አለኝ። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን ቀስ እያደረገ ማወዛወዝ ጀመረ፣ ከተወለደ ጀምሮ አገር ሲመራ የኖረ ሰው ይመስል።

ነገሩ የገባቸው አባባ ብቻ ነበሩ። ከኋላ ሆነው ሊያስቆሙን ክላክሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነፉት። ሰርግ ላይ ክላክስ ሲነፋ ምን ይደረጋል? ሚዜው ደስ ብሎት መልሶ ነፋ። ፔጆው ተከተለ፤ ቮልሶቹ ተቀበሉ። አባባ ሲጮሁ እኛ ስንነፋ፣ እሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው እጃቸውን ሲያራግቡ ሕዝቡ እልልታውን ሲጨምር፣ እንደዚያ ሆነን ሰፈር ደረስን። እዚያ ሊቀመንበሩ ትልቅ እቅፍ አበባ ይዞ መንገድ መሃል ቆሟል። የመርቸዲሱን በር በአክብሮት ከፍቶ አበባውን ለታደሰ ሰጠና፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ "ክቡርነትዎ፣ የቀበሌያችን ሰፊ ሕዝብ…" ብሎ ጀመረ። ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ከሽንት ጨርቄ ጀምሮ ያውቀኛል።

"አልሚ?" አለ። "አንቺ ነሽ እንዴ?"

"አዎ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እና… እንግዳው የታል?"

አበባውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ ታደሰ ግን ለእሱ የተሰጠ መስሎት አጥብቆ ያዘው። ትንሽ ተጓተቱ። ሊቀመንበሩ ወደ ድምፅ ማጉያው ሮጦ "አልተፈጸመም! ጓዶች፣ አልተፈጸመም! እንግዳው ገና ነው!" ሲል ማን ይስማው? ሕዝቡ ተቀብሏል፣ ጮኋል፣ ርቦታል፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ድንኳን ተተክሎ ወጥ ይሸታል። ባንዲራውን እንደያዘ ግልብጥ ብሎ ገባ። እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ "የማን ወገን ነው ይሄ? የታደሰ ዘመድ ይህን ያህል ነው እንዴ?" ስትል ትዝ ይለኛል። ባንዱም ከነጥሩንባው ገባ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ራሱ ገባ፤ ሲበላም አየሁት።

ያልገቡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። አባቴ ሰይቼንቶዋን አቁመው፣ አንድ የወደቀ የወረቀት ባንዲራ ከመሬት አንስተው፣ ሰው አንድ ባልቀረበት መንገድ ዳር ብቻቸውን ቆሙ። እንግዳው ከመጣ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያይ። ልጃቸው ድንኳን ውስጥ እየተዘፈነላት፣ እሳቸው በአዲሱ ሱፋቸው ፀሐይ ላይ ቆመው ለሚያልፍ መኪና ሁሉ ባንዲራ ሲያውለበልቡ ዋሉ። ሁለት ጊዜ ሰው ላክሁባቸው፤ "ቃሌ ነው" ብለው መለሱት። የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስ ሌላ ሽማግሌ መረቀኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገቡ፤ ፊታቸው ተቃጥሎ፣ ማንንም ሳያዩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ በዚያ ሰዓት ወደ ለገሃር ልሄድ ተነስቼ ነበር።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ሰፈሩ ለዓመታት የሳቀበት ነው። እንግዳው ባዶ መንገድ አይቶ፣ ተንቄያለሁ ብሎ ተቆጥቶ ሄደ ተባለ። በሳምንታት ውስጥ ሬዲዮ ያ አገር ከአንድ ጎረቤታችን ጋር የነዳጅ ውል መፈራረሙን ሲናገር ነገሩ ተረጋገጠ። አባባ ቀበሌ ተጠርተው ግለ ሂስ አደረጉ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስተው፣ "ልጄን በመዳሬ በሁለቱ አገሮች ግንኙነት ላይ ጉዳት አድርሻለሁ" አሉ። ማንም አልሳቀም፤ እቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሳቀው። ስማቸውም "ነዳጅ መላሹ" ሆኖ ቀረ። እኔም ላምባ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ "ሙሽሪት፣ አንቺ እንኳ ከኋላ ቁሚ፤ ይሄ ሁሉ የመጣው ባንቺ አይደል?" ይሉኛል፤ በሳቅ ነው፣ ግን ከኋላ ያቆሙኛል። ዘመን ተለውጦ፣ ጓድ የሚለው ቃል ቀርቶ፣ ኩፖኑም እሁዱም ተረስቶ እንኳ፣ ቤንዚን በጨመረ ቁጥር አባባ ሬዲዮውን ዝቅ አድርገው ይተክዛሉ። "ያኔ ፈርመን ቢሆን ኖሮ…" ይላሉ፤ አይጨርሱትም። ሰርጌ በእኛ ቤት የሚነሳው እንዲህ ነው፤ አገር የተጎዳበት ቀን ሆኖ። ልጆቼ ተድረው፣ የልጅ ልጆች ደርሰው፣ አባቴ አንድ ቀን እንኳ ስለ ሰርጌ በደስታ አውርተው አያውቁም። ቅያሜ አይደለም፤ እኔም አልተቀየምኩም። ግን እንዲያው አንዴ፣ ከመሞታቸው በፊት፣ "ሰርግሽ ደስ ይል ነበር" ቢሉኝ ብዬ ስመኝ ኖርኩ። እድሜዬ ስድሳን አልፎ ይህን መመኘት ያስቃል አይደል? ይሳቅ።

ታዲያ ሐሙስ ዕለት ወደነበርንበት ወረፋ ልመለስ። ከፊታችን ካለው መኪና አንድ ሸበቶ፣ ክራባት ያሰሩ ሽማግሌ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወጡ። ናሆም መስኮቱን ከፍቶ ነበርና ስለዚያው የባሕር መተላለፊያ ወሬ ጀመሩ። አቶ ግርማ ይባላሉ። በዚያ ዘመን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንግዳ የሚቀበሉ የፕሮቶኮል ሰው ነበሩ። "ልጄ፣ ይሄ ምንም አይደለም" አሉት ናሆምን። "እኛ እኮ ለነዳጅ ስንል ያላጎነበስንለት፣ አበባ ይዘን ያልቆምንለት የለም። አንዴማ አበባ ይዘን ቆመን ሰውዬው ሳይመጣ ቀረ!" ጆሮዬ ቆመ። እሁድ ነው፣ እኩለ ቀን ነው፣ መንገዱ ያው ነው። እንግዳው ከአገሩ ተነስቶ መጀመሪያ ጎረቤታችን ጋ አርፎ ነበር። እዚያ የተሻለ ነገር ሰጡት፤ ወደብ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ እሳቸውም በትክክል አያውቁትም። ብቻ እዚያው ፈረመና ተመለሰ። አዲስ አበባን በዓይኑ አላየም።

"አልመጣም?" አልኳቸው። መኪና ውስጥ ሆኜ ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

"በጭራሽ አልመጣም እናቴ። ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ፀሐይ ላይ አቁመን እንግዳው ቀረ ብሎ ማን ይንገረው? በዘዴ እንድበትን እኔ ተላክሁ። ስደርስ ባዶ ነው! አንድ ሰርግ ሁሉንም ወስዶት ኖሯል። እግዜር ይስጣቸው፣ ከጉድ ነው ያወጡን። አንድ ሰውዬ ብቻ ሱፍ ለብሶ፣ ባንዲራ ይዞ ቆሟል። ሲያየኝ አውለበለበልኝ። ምን ልበለው? አንጀቴን በላው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼው አለፍኩ።"

ያ ሰው አባቴ መሆናቸውን ስነግራቸው ክራባታቸውን አስተካከሉ። ወረፋችን ደርሶ ናሆም ታንከሩን ሞላ፤ እኔም የሰማሁትን ይዤ ወደ ጎተራ ተመለስኩ። ለካ ሰርጌ ነዳጅ አላስመለሰም። እንዲያውም መንግሥት አትርፏል፤ ሕዝቡ ሳይቀየም ምሳውን በልቶ ገባ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ ከግድቡ ለጎረቤት አገር መብራት የምንሸጠው እኛ ነን። ምናልባት ማዶ አንዲት ሙሽራ ለእኛ ሚኒስትር በተዘጋጀ ባንዲራ መሃል እየታጀበች ይሆናል። አባቷ መንገድ ላይ እንዳይቀር ብቻ።

አባባ እንደ ልማዳቸው ሬዲዮውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል፣ እንደ ሸክም ይወርድላቸዋል ብዬ ነበር። ሬዲዮውን ዘጉት።

"ማነው ይሄን ያለሽ?"

"እዚያው የነበሩ ሰው ናቸው አባባ። የፕሮቶኮሉ።"

"ዋሽቶሻል።"

"ለምን ይዋሹኛል? ባንዲራ ይዞ የቆመውን ሰው ሁሉ ነግረውኛል። እጅ ነሥቼው አለፍኩ ብለዋል።"

ይህን ጊዜ ፊታቸው ተለዋወጠ። "በጥቁር መኪና? መነጽር ያደረገ?" አሉ። ለካ እሳቸው ያን ሰው እንግዳው ራሱ ነው ብለው ኖረዋል። ባዶ መንገድ ቢያይም አንድ የካዛንቺስ ሰው አይቷል፣ ሰላምታም ሰጥቷል ብለው በልባቸው ይዘውት ኖረዋል። "እኔ ያን ሁሉ ፀሐይ ቆሜ፣ ባንዲራ ያውለበለብኩት ለአንድ ፕሮቶኮል ኖሯል?" ብለው ተቆጡ። "ታዲያ እኔ ምንም አላጠፋሁም ማለት ነው?"

"ምንም።"

"ምንም?" አሉ ቅር ብሏቸው። ታደሰ ከሳሎን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ አባባ በግድግዳው በኩል ገላመጡት። አሁን ገባኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ያን ጥፋት አዝለው ሲኖሩ ያፍሩበታል ብዬ ነበር፤ ለካ ይመኩበትም ኖሯል። ጡረታ ላይ ካሉት መምህራን መካከል የአንድ አገርን የውጭ ግንኙነት ያበላሸ ማን አለ? እራት አልበሉም። ለዕድሩ ሰዎች እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ ሻይ እያቀረብኩላቸው፣ "አልማዝ" አሉኝ።

"አቤት አባባ።"

"ያ ሁሉ ሕዝብ። እልልታው። ባንዱ።"

"ለእንግዳው መስሏቸው ነው እኮ።"

"እንግዳው መቼ መጣ!" ብለው ጠረጴዛውን መቱ፤ ክፍል ውስጥ የሰነፈ ተማሪ ያገኙ መሰሉ። "ካልመጣ ለማን ነው? ለማንም አይደለማ! በመንገዱ ያለፍሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አዲስ አበባ በሙሉ ወጥቶ እልል ያለው ላንቺ ነው። ታደሰ! ትሰማለህ? እኔ ልጄን በማርሽ ባንድ ነው የዳርኳት!" ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውኃ አቀበልኳቸው። ጠጥተው ሲያበቁ ብርጭቆውን እንደያዙ፣ በደከመ ዓይናቸው ወደ እኔ ወደሚመስላቸው አቅጣጫ ፊታቸውን አዞሩ።

"ቬሎሽ ምን ዓይነት ነበር?" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ እኮ አላየሁትም። መንገድ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። እስቲ ንገሪኝ።"

ሻዩን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከአንገቱ ጥልፍ ጀመርኩላቸው።